ውሻ አውቃለሁ ያልኩ ዕለት

እኔ ስፈራ «አዎ» የምል ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ሲፈራ ይሸሻል ወይ ይጮሃል፤ እኔ ግን ልቤ ድው ድው ማለት ሲጀምር አፌ ከኔ ቀድሞ «አዎ፣ አውቃለሁ» ይላል። ካርቱም በገባሁ ሰሞን የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ዓሣ መሥራት ትችያለሽ ወይ አለችኝ። ዓሣ በሕይወቱም ሞቶም አይቼ የማላውቅ የወሎ ደገኛ «አዎ» አልኩ። ሆዱን ሳልቀድ፣ ቅርፊቱን ሳልፍቅ፣ ከነሐሞቱ ጠበስኩላቸው። ከዚያ ቤት ስወጣ መቼም ትምህርት አግኝቻለሁ ብዬ ነበር።

አላገኘሁም። አሁን የማወራችሁ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ባለው ዓመት፣ እዚያው ካርቱም ሪያድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ሦስት ዓመት በሠራሁበት ቤት የደረሰብኝን ነው። የቤቱ እመቤት ሐኪም ስለሆነች ዶክቶራ ነው የምንላት። ባሏ ዶሃ ይሠራል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሻንጣ እየጎተተ ይመጣል። ከኛ ጋር የዶክቶራ እናት ሀጃ አሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከዘራቸው ግን አያማትም። ቤቱ ይኸው ነው፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ትልቅ የብረት በር።

አንድ ሳምንት ጎረቤት ሌባ ገባና የጋዝ ሲሊንደር ሳይቀር ጠራርጎ ወጣ። የዶክቶራ ባል ይህን ዶሃ ሆኖ ሰማና ከኛ በላይ ተጨነቀ፤ ውሻ ይገዛ አለ። ዶክቶራ ወጥ ቤት መጣችና ውሻ ማሳደግ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሁን እኔ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ የጎረቤት ውሻ ባቴን ይዞኝ፣ ጠባሳው ዛሬም እንደ ማኅተም ቁጭ ያለ ሴት ነኝ። ውሻ ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ፤ መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ እመለሳለሁ። ልቤ ድው ድው አለ። አፌም «አዎ፣ እኛ ሀገር ውሻ ከሰው ጋር ነው የሚያድገው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ለምን አላውቅም እንዳላልኩ ደግሞ ልንገራችሁ፤ አፌን ብቻ አልወቅስም። ኢቃማ አልነበረኝም። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ እሱ ሳይኖርሽ ፖሊስ መንገድ ላይ ካገኘሽ መኪና ላይ ይጭንሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከተመለሱት ሰምተናል፣ ካልተመለሱት ደግሞ አልሰማንም። ዶክቶራ አወጣልሻለሁ ብላኝ ነበር። በጠየቅኳት ቁጥር «እሑድ፣ ኢንሻአላህ» ትለኛለች፤ እሑድ እዚያ ቢሮ የሚከፈትበት ቀን ነው። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ሆስፒታል ውላ ስትመጣ የራሷን ስም የምትረሳ ሴት ናት። እኔም ያንን እሑድ እንዳላጣው ብዬ ለምትጠይቀኝ ሁሉ አዎ እላለሁ። ከቤቱ ጥግ ካለው ሱቅ አልፌ የምሄደው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ ያውም ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ሳጃና በሚባል ሰፈር ሻይ ቤት ያላትን ጓደኛዬን አልማዝን ለማየት።

ውሻው በካርቶን መጣ። ቡችላ ነው፤ የፖሊስ ውሻ ዘር ነው አሉ። ጆሮው አንዱ ቆሞ አንዱ ወድቋል፣ እግሮቹ ከሌላ ትልቅ ውሻ የተዋሳቸው ይመስላሉ። ሬክስ ተባለ። ካርቶኑን ሲከፍቱት እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት፣ ሁለታችንም ሽንታችን መጣ። እሱ ለቀቀው።

የዶክቶራ ባል በየማታው የድምፅ መልእክት ይልካል። አይመታም። አይጮህበትም። በልቶ እንደጨረሰ ግቢ ይወጣል፤ እውጭ ከሸና የተቀቀለ ጉበት ይሰጠዋል። «ኡግዑድ» ሲባል ይቀመጣል፣ «ተዓል» ሲባል ይመጣል። ጉበቱን ከአፍንጫው በላይ ከፍ አድርጌ «ኡግዑድ» ማለት አለብኝ። እኔ ደግሞ ጉበቱን ከፍ ሳደርግ ጥርሱን አያለሁ፤ ጥርሱን ሳይ ጉበቱን እለቀዋለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ሬክስ አንድ ነገር በደንብ ተማረ፤ ወደኔ እየዘለለ ከመጣ ጉበት ከሰማይ ይዘንባል። ባልየው ውሻው እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ እጅግ ጎበዝ ነው እላለሁ። እሱስ ውሸት አልነበረም።

የሽንቱን ነገር ተዉት። ግቢ አውጥቼው ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጠባበቃለን፤ እሱ ቢራቢሮ ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ገና ሳሎን እንደገባን የዶክቶራ ባል ያመጣው ምንጣፍ ላይ ጉዳዩን ይጨርሳል። ሌላም ጭንቅ ነበረኝ። እኔ ሶላት አለኝ፤ በልጅነቴ የውሻ ምራቅ ከነካሽ ሰባት ጊዜ ታጠቢ ሲባል ነው የሰማሁት። ስለዚህ በቀን አምስት ጊዜ ልብስ እቀይር ጀመር፤ የማጥበው ልብስ ከቤተሰቡ ሁሉ የኔ በለጠ። መጨረሻ ላይ ሀጃን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም በኛ መዝሀብ፣ እኛ በምንከተለው የሃይማኖት ሕግ፣ ውሻ ንጹሕ ነው፣ ሃይማኖት አታክብጂ ብለው መከሩኝ። ይህን የሚሉኝ ሬክስን በከዘራቸው እያባረሩ ነው።

ሀጃን እንደ ጠላት አድርጌ እንዳላወራባችሁ፤ ከሬክስ ጋር ያጣላቸው ቶባቸው ነው። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከላይ የሚጠቀለሉበት ረዥም ስስ ጨርቅ ነው፤ አራት ሜትር ተኩል ይሆናል። የሀጃ ደግሞ ጫፉ ሁልጊዜ ይጎተታል። አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ሠርግ ሊሄዱ አዲስ ነጭ ቶብ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ መኪና እየጠበቁ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ሬክስ ከኋላቸው መጣና ጫፉን በጥርሱ ያዘ። ሀጃ ከዘራቸውን ሲያነሱ እሱ ሮጠ። እሱ ሲሮጥ እሳቸው ዞሩ። አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፣ ሦስተኛው ላይ ቶቡ አለቀና ሀጃ በውስጥ ቀሚሳቸው ግቢው መሐል ቀሩ። ሬክስ አራት ሜትር ተኩሉን ጨርቅ አበባው ሥር ወስዶ ተኛበት። እኔ ልይዘው ሄጄ ነበር፤ ግን ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩና የቶቡን ጫፍ ከሩቅ ያዝኩ። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ስቤ ሳወጣው ቶቡ ሁለት ሆነ።

ያን ምሽት ዶክቶራ ጠራችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እናቷ ውሻው እዚህ ካለ እኔ ኦምዱርማን ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ ማለታቸውን ነገረችኝ። ቀጥላም «ያመጣሁት አንቺ አውቃለሁ ስላልሽ ነው» አለች። ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደሚሆን አልተናገረችም፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ራሴ ተናገርኩት። ውሻው ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ልዩነቱ ለእሱ ካርቶን አለለት።

በነጋታው አልማዝ ጋ ደወልኩ። አልማዝ የማታውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አታውቀውም። ዳቦ በብብትሽ ይዘሽ ዋዪና አብዪው፣ ጠረንሽን ከበላ ሌላ ጌታ አያውቅም አለችኝ። እናንተ፣ የካርቱም ግንቦት ነው። ጠዋት የያዝኩት ዳቦ ለቀትር ፍትፍት ሆኖ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርኩለት። በላው፤ የወደቀበትንም መሬት ላሰው።

የአልማዝ መድኃኒት ሠራ፤ ችግሩ ልክ አለማወቁ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሬክስ ከኔ አንድ ክንድ አይርቅም። ስጠርግ መጥረጊያው ላይ ይቀመጣል። መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ሥር አፍንጫውን አስገብቶ ያለቅሳል። ስሰግድ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሩ ጋ ተኝቶ ይጠብቀኛል። እኔም ቀስ እያልኩ ጉበቱን ሳልለቅ መያዝ ቻልኩ፤ መጀመሪያ በረዥም ማንኪያ፣ ኋላ በሹካ፣ በስምንተኛው ቀን በጣቴ። «ኡግዑድ» ስለው ግማሽ ያህል ይቀመጣል፤ ቂጡ መሬት ሳይነካ ዋጋውን ይጠይቃል። ያም ሆኖ ተስፋ አደረግኩ። ከዓሣው ወዲህ ተስፋ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቀረኝ «ተዓል» ነው፤ ስጠራው መምጣት። እሱን ሳንደርስበት ነው መዓቱ የመጣው።

ሁለት ሳምንቱ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዶክቶራ ሆስፒታል ናት፣ ሀጃ ተኝተዋል። ቆሻሻ ላወጣ በሩን በክንዴ ገፋሁት። በእግሮቼ መሐል አንድ ነገር ሾልኮ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ሲባል እንዲህ በእግር መሐል ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የቆሻሻውን ፌስታል ጥዬ ሮጥኩ። በነጠላ ጫማ ነኝ፤ ሻርፕ ስላልያዝኩ ራሴ ላይ ያደረግኩት የሣህን መጥረጊያ ፎጣ ነው።

«ሬክስ! ሬክስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። አሁን የካርቱም ባለሦስት እግር ባጃጅ ምን እንደሚባል ማወቅ አለባችሁ፤ ረክሻ ነው የሚባለው። እያለከለክሽ ስትጠሪው ሁለቱ አንድ ናቸው። አንዱ ረክሻ አጠገቤ ቆመ። አንተን አይደለም ብዬ ሮጥኩ። ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛው ከማዶ አይቶኝ መንገዱን ዞሮ መጣ። ውሻ ነው የምጠራው፣ ውሻዬ ነው ስላቸው ሦስቱም ውሻ ብላ ሰደበችን ብለው ተቆጡ። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነገሩ ገባውና፣ ቡናማ ቡችላ ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ አየሁ ብሎ በእጁ አሳየኝ።

አስፋልቱ ዳር የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር፣ ከኋላው ክፍት የሆነ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ሦስት ፖሊሶች ጥላው ውስጥ አንዲት ሻይ ሻጭ አጠገብ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሬክስ መኪናው ሥር ነው። ጅራቱ ብቻ ይታያል።

ቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን መኪና ከሩቅ ሳይ ወደ ግድግዳ ስዞር፣ ሱቅ ውስጥ ስደበቅ፣ አንዴም የማላውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ሳለቅስ ኖሬያለሁ። ጅራቱን እያየሁ አሰብኩ። ብመለስ ማንም አላየኝም፤ ግን ያለ ውሻ ወደዚያ ቤት እንዴት እገባለሁ? ብሄድ ደግሞ በራሴ እግር መኪናው ላይ መውጣቴ ነው። ውሻ ነው፣ ተይው አልኩ ለራሴ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር የሚገባው አፍንጫ ታወሰኝ። እግሬ ሄደ። እኔ አልላክሁትም።

ለፖሊሶቹ ሰላምታ ሰጥቼ፣ እንደ ጤነኛ ሰው፣ መኪናቸው ሥር በሆዴ ተኛሁ። «ተዓል» ልል ነበር። ያለኝ ዐረብኛ ሁሉ ጠፋኝ፤ አንዲት ቃል አልቀረችኝም። የመጣልኝ ያው የእናቴ ቋንቋ ነው። «ልጄ፣ በአላህ ውጣልኝ። እኔንም አታስበላኝ፣ አንተም አትበላ። ውጣልኝ፣ የኔ ጌታ» እያልኩ ለመንኩት። ጅራቱ ነቃነቀ። ከዚያ በሆዱ እየተሳበ መጣና ፊቴን ከአገጭ እስከ ግንባር ላሰኝ። እጄ አቀፈው። ልቡ ከኔ ልብ እኩል ይመታል። ባቴን የነከሰኝን ውሻ ያን ሰዓት አላስታወስኩትም፤ ቤት ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ።

ስነሳ አንደኛው ፖሊስ አጠገቤ ቆሟል። ጠና ያለ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው። «ወረቀትሽን» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ጉበት ብቻ ነበር። «ጀናቦ፣ እመቤቴ ሐኪም ናት፣ ልደውልላት» አልኩት። ጀናቦ ሹም ሲጠራ የሚባል ነው። ደውይ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እስክትመጣ ሻይ ሻጯ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡኝ። ሬክስ ጭኔ ላይ ተኛ። ሻይ ሰጡኝ፤ ግማሹን ሬክስ ጠጣብኝ፣ የኪሴንም ጉበት ጨረሰው።

ዶክቶራ በነጭ ጋዋኗ መጣች። ፖሊሱ በጨዋ ደንብ ሰላም አላትና መጀመሪያ ስለ ውሻው ጠየቃት፤ ያን ሰሞን እብድ ውሻ አስቸግሮ ነበርና ተከትቧል ወይ አላት። እሷም ከመኪናዋ ኪስ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አውጥታ ሰጠችው። ፖሊሱ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። ስም፣ ሬክስ። የተወለደበት ቀን አለው። ቀለሙ፣ የእናቱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ሦስት ክትባት፣ በእያንዳንዱ ላይ ማኅተም። ፎቶግራፍም ነበረው፤ አንዱ ጆሮው ወድቆ።

ደብተሩን አጠፈና ወደኔ በአገጩ አመለከተ። «እሺ፣ የሷስ?»

ዶክቶራ እኛ ቤት ሦስት ዓመቷ ነው፣ እንደ ቤተሰብ ናት አለችው። ፖሊሱ ሙሉ ስሜን ጠየቃት። ዶክቶራ ስሜን ተናገረችና ቆመች። «የማን ልጅ?» አላት። ወደኔ ዞረች። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ፖሊሱ መዳፉን አነሳ። «አንቺን አይደለም የጠየቅኩት» አለ።

ዶክቶራን በሽተኛ ሞቶባት ቤት ስትገባ እንኳ እንዲያ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም። ፖሊሱ ብዙ አላስጨነቃትም፤ በዚህ ወር ወረቀቷን አውጪላት፣ ሁለተኛ እንዲሁ ካገኘኋት ግን በውሻው ደብተር አልለቃትም ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ኢቃማው እንዴት እንደወጣ በዝርዝር አልነግራችሁም፤ ሰልፍ ለቆመ ሰው ሰልፍ አይወራለትም። በመጀመሪያው እሑድ ሄድን፣ ዶክቶራ ከሥራ ቀርታ እስከ ቀትር አብራኝ ቆመች፣ ከሁለት ወር በኋላ ወጣ። ሀጃም ኦምዱርማን አልሄዱም፤ ቶባቸውን አጥብቀው መጠቅለል ጀመሩ እንጂ። የምጨርስላችሁ ያን ቀን በመኪናው ውስጥ የሆነውን ነው።

እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ፣ ሬክስ ጭኔ ላይ ነው፣ ዶክቶራ ትነዳለች። ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምቀመጠው፤ ያን ቀን የፊቱን በር ራሷ ከፈተችልኝ። እኔ በልቤ አሁን ታባርረኛለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ የምለምንበትን ቃል እመርጣለሁ። ወደ ቤቱ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ መኪናውን ዳር አቆመችው።

«የአባትሽ ስም ማነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ደግማ ጠራችው፤ አጠራሩ አልሆነላትም። አስተካከልኩላት። ሦስተኛው ላይ ትክክል አለችው። ከዚያ የአያቴን ጠየቀች፣ ከዚያ የእናቴን፣ ዕድሜዬን፣ የተወለድኩበትን ሀገር። እንደ ፖሊስ አልጠየቀችኝም፤ እንደ ሐኪምም አልጠየቀችኝም። እኔም ለእያንዳንዱ እውነቱን መለስኩ። አንዴም «አዎ» አላልኩም፤ አዎ የሚያስብል ጥያቄ አልነበረም።

የእናቴን ስም እየደገመች ሳለ ሬክስ ሁለቴ ተርገፈገፈና ሆዱ ውስጥ የነበረውን ጉበትም ሻይም በመቀመጫውና በማርሹ ላይ አስታወከው።

እጄ ፎጣውን ከራሴ ሊያወርድ ተነሳ። ዶክቶራ ክንዴን ያዘችኝ። ቁጭ በይ አለችኝ። ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች፣ የጋዋኗን እጅጌ ሰበሰበች፣ አጎንብሳ ትጠርግ ጀመር።

እኔ ውሻዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ።